ጋሽ ፒንሳና የነዳጅ ማቋረጫዋ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ማስቀደሜ ልኮራባችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ቀጥሎ የምናዘዘው ድንቁርና ከነክብደቱ እንዲታያችሁ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በአሮጌዋ መኪናዬ ስሄድ ከጋራዦቹ ሰፈር መግቢያ ላይ ያለችውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሳላያት ቀረሁ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ሐሳቤ ነበር ሌላ ቦታ የሄደው። መኪናዋ ዘላ ጓ! ብላ አረፈች፤ ሃያ እርምጃ ያህል ተንከባለለችና ጸጥ አለች። ቁልፉን ባዞር ባዞር ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይነሳም። ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ሹፌር ጡሩምባውን ለቀቀው። "አባት፣ ጡረታ ይውጡ እንጂ!" ብሎኝ አለፈ። ወጥቻለሁ እኮ ልለው አፌን ስከፍት እሱ ሄዷል።

ደግነቱ የቆምኩት ጋሽ ፒንሳ በር ላይ ነው። ጋሽ ፒንሳን በዚያ ሰፈር የማያውቅ የለም። ስሙን ያገኘው ከእጁ ከማትለየው ፒንሳ ነው፤ ሰው ሰላም ሲል እንኳ ወደ ግራ እጁ ያዛውራታል እንጂ አያስቀምጣትም። ስድሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ የሞተር ድምፅ ከመንገድ ማዶ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሰው ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ረግጦ ቢሆን ኖሮ እኔን ሥራ ያስፈታኝ ነበር።

"ቲቸር! ምን ነካህ? በሬ ላይ ልትተኛ ነው?" አለኝ እየሳቀ።

"ጉብታዋን ዘለለችና ቀጥ አለችብኝ።"

"ዘላ ቀጥ? በቃ፣ አትጨርስልኝ፤ አውቄዋለሁ።"

መኪናዋን ገፍተን ግቢው ውስጥ አስገባናት። በተሳፋሪው በኩል ያለውን በር ከፍቶ ተንበረከከና እግር ከሚያርፍበት በላይ ካለው ሽፋን ሥር እጁን ሰደደ። ወዲያው የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ነገር ከነሽቦዋ ጎትቶ አወጣ።

"ይኸውልህ ጠላትህ! ሰውን መንገድ ላይ የምታስቀር ይቺ ናት። አሁን ቆርጬ እጥላታለሁ፤ ሁለቱን ሽቦ አገናኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ገደል ብትገባ እንኳ ፓምፕህ አይቆምም።"

"ጋሼ፣ ገደል ከገባች በኋላ ፓምፑ ባይቆም ምን ይጠቅማቸዋል?" የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ።

የጋሽ ፒንሳ የወንድም ልጅ ነበረች። የቴክኒክ ትምህርቷን በማዕረግ ጨርሳ በአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ የኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ማክሰኞ ዕረፍቷ ስለሆነ አጎቷን ልታግዝ ትመጣለች። ማገዝ ትበለው እንጂ ግማሹ ጭቅጭቅ ነው፤ እሱም ጭቅጭቁን ስለሚወደው ከሰኞ ማታ ጀምሮ ይናፍቃታል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና ፒንሳዋን ለአንድ ደቂቃ ያቆዩልኝ" አለችው። ጎንበስ ብላ በዚያች ጥቁር ነገር አናት ላይ ያለችውን ቀይ መጫኛ በአውራ ጣቷ ተጫነቻት። ቀጭ አለች። "ቲቸር፣ እስቲ አሁን ያስነሱ።"

ቁልፉን ገና አዙሬ ሳልጨርስ ተነሳች። ጋሽ ፒንሳ ፒንሳውን ወደ ግራ እጁ፣ ከዚያ መልሶ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ።

"ምንድን ናት ይቺ ነገር?" ብዬ ጠየቅኳት።

"የነዳጅ ማቋረጫ ናት። መኪና ክፉኛ ሲጋጭ ወደ ነዳጅ ፓምፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ትቆርጣለች። ውስጧ ትንሽ የብረት ኳስ ማግኔት ላይ ተቀምጣለች። በግጭት ጊዜ መኪናው በድንገት ይቆማል፣ ኳሷ ግን ስትሄድበት በነበረው ፍጥነት ልትቀጥል ትፈልጋለች። ስለዚህ ከማግኔቱ ትላቀቅና..."

"በቃ! በቃ ልጄ!" አልኳት። ፊቴ ጋለ። ብርጭቆ ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ሳንቲም አስቀምጬ፣ ካርቶኑን ሳብ አድርጌ ሳንቲሙ ብርጭቆው ውስጥ ሲወድቅ ስንት ሺህ ተማሪ አስጨብጭቤአለሁ! አካል ካለበት ሁኔታ መለወጥ አይወድም እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼአለሁ። ያው ትምህርት በገዛ መኪናዬ ውስጥ ከተሳፋሪ እግር በላይ ተሰቅሎ ሲኖር ግን አላወቅኩትም። መለወጥ የማይወድ አካል ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ በዚያ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ፒንሳ ላይ በደንብ ልማረው ነው።

በዚህ መሀል የተማሪዎች ሰርቪስ የምትነዳው ሴት መኪናዋን ስትጠብቅ ከተቀመጠችበት ጥላ ተነስታ መጣች። አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ልጆቹ "እማማ ሰርቪስ" ስለሚሏት እኛም እንደዚያው እንላታለን። አሥራ ስምንት ልጆች ጠዋት ከየቤታቸው ለቅማ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ዘጠኝ ተኩል ሲል መልሳ ለየወላጆቻቸው ታስረክባለች። የአሮጌዋ ሚኒባሷ የነዳጅ ፓምፕ ሞቶ፣ ጋሽ ፒንሳ በዚያው ጠዋት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌላ ፓምፕ ገጥሞላታል።

"ጋሽ ፒንሳ፣ የኔ አለቀች? ልጆቹ ሳይወጡ መድረስ አለብኝ።"

"አልቃለች። ቁልፉን ስታበሪ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ ፓምፑ ነው። የልጅ ልጆችሽ ሳይቀሩ ይነዷታል።"

የወንድሙ ልጅ ወደ ሚኒባሷ ሄደች። የሹፌሩን ወንበር አነሳች፤ ሽቦውን በጣቷ እየተከተለች እስከ ቁልፉ ድረስ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል።

"ጋሼ፣ ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ነው ያገናኙት?"

"ታዲያ ከሰማይ ጋር ላገናኘው?"

"ማቋረጫ የለውም።"

"እንዳይኖረው ነዋ!"

"እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይቺ መኪና ዛሬ ልጆች መጫን የለባትም።"

ጎማ የሚቀይሩት ሁለት ሰዎች ሳይቀሩ ክሪካቸውን ይዘው ቀሩ። ጋሽ ፒንሳን በገዛ ጋራዡ፣ ደንበኛው ፊት፣ እንዲህ ያለው ሰው የለም። እኔም ልጅቷ አበዛችው ብዬ ነበር፤ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም።

ጋሽ ፒንሳ ግን አልጮኸም። ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠና "ነይ፣ ልጄ" አላት። "መኪና የሚሠራው እንዲሄድ ነው። ተስማምተናል?"

"ተስማምተናል።"

"ታዲያ መኪና እንዲያቆም ተብሎ የተሠራ ዕቃ ጤነኛ ዕቃ ነው?"

"ፍሬንስ፣ ጋሼ?"

ሳቄ አመለጠኝ። ሲገላምጠኝ ወደ ሳል ቀየርኩት።

"ፍሬን እኔ ስረግጠው ነው የሚይዘው። ይቺ ግን ማንም ሳይጠይቃት ትፈርዳለች! የሰው መኪና ላይ እሷ ማን ናት?"

"መኪና በሚጋጭበት ቅጽበት የሚጠይቅ ሰው የለማ፣ ጋሼ።"

"ሹፌሩ አለ! ሹፌር እጅ አለው፣ እጁ ሥር ቁልፍ አለው። ሲጋጭ ቁልፉን ያጠፋል፣ ፓምፑም ይቆማል። አለቀ ደቀቀ።"

እማማ ሰርቪስም ደገፈችው። "እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ባለፈው ወር ኩርባው ላይ ቀጥ ስትልብኝ አንቺ አልነበርሽም፣ ልጄ። ከኋላ ከባድ መኪና እየወረደ፣ አሥራ ስምንቱን ልጆች በቦርሳቸው እየጎተትኩ ቦዩን አሻገርኩ። ጋሽ ፒንሳን 'ምን ቢመጣ የማትቆም ያድርጉልኝ' ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ የምታቆም ዕቃ አስገቢ ትይኛለሽ?"

ይህ ቀላል ክርክር አልነበረም። ሴትየዋ የፈራችው በዓይኗ ያየችውን ነው፤ ያላየችውን አደጋ ደግሞ በቃል ማስረዳት ከባድ ነው። የተማረ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ 'አላዋቂ' ብሎ ይቆጣና ነገሩን ያበላሻል። እኔም በዘመኔ ተቆጥቼ ያበላሸሁት ብዙ ነው። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም።

"እትዬ፣ ፍርሃትዎ ልክ ነው። ያለ ምክንያት የምትቆም መኪና አደገኛ ናት፤ እኔም ያለ ምክንያት ትቁም አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ ላሳይዎት። የመኪናዎ ሞተር የት ነው ያለው?"

"ወንበሬ ሥር ነዋ። ክረምት ከበጋ እያሞቀኝ።"

"ከአጠገብዎ ማን ይቀመጣል?"

"ሁለቱ ትንንሾች። ከፊት ካልተቀመጥን ብለው ያለቅሱብኛል።"

ልጅቷ ሚኒባሷን ወደ ግቢው ገላጣ ቦታ አስገፋች። እሳት የሚባል ነገር እንዳይቀርብ አስጠንቅቃ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን የነዳጅ ቱቦ ነቅላ ጫፉን ነጭ የፕላስቲክ ጀሪካን ውስጥ ከተተችው። "እንግዲህ ተጋጭተናል እንበል። ሞተሩ ሞቷል። ቱቦው ተበጥሷል። ቁልፉን ግን ማንም አላጠፋውም። ቲቸር፣ ሰዓትዎን ይያዙልኝ" አለችና ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ አበራችው።

ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ቤንዚኑ መጣ። ቀጭን ሆኖ የሚንጠባጠብ መስሎኝ ነበር፤ ከቧንቧ እንደሚቀዳ ውኃ ነው የወረደው። ሞተሩ ዝም ብሎ ተኝቷል፣ ፓምፑ ግን መሞቱን አልሰማም። አንድ ደቂቃ ሲሞላ "በቃ!" አልኩ። ጀሪካኑ ላይ ያለው ምልክት አንድ ሊትርን አልፎ ነበር።

እማማ ሰርቪስ ጀሪካኑን አየች፤ ወንበሯን አየች፤ ከወንበሯ አጠገብ ያለውን የልጆቹን መቀመጫ አየች። "ወይ ጉዴ!" አለች። "ይሄ ሁሉ እኔ የተቀመጥኩበት ሥር? የጋለ ሞተር ላይ?"

"አዎ፣ እትዬ። አንድ ብልጭታ ብቻ ነው የሚፈልገው።"

ጋሽ ፒንሳ ግን ገና አልተሸነፈም። "ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። እኔ በቀጥታ ካገናኘኋቸው አንድም ተቃጥሎ የመጣ የለም!"

"ጋሼ፣ የተቃጠለ መኪና ጋራዥ አይመጣም።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። አጎቷ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባና አንድ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ታቅፎ ተመለሰ፤ ከፊታችን ዘረገፈው። ከየመኪናው ቆርጦ ያወጣቸው ማቋረጫዎች ናቸው፤ ከአርባ አያንሱም።

"እነዚህን ሁሉ ያወጣሁት በጨዋታ ነው? እያንዳንዱ ባለመኪና 'ጉብታ ዘለልኩና ቀጥ አለችብኝ' እያለ ነው የመጣው። ቲቸርም ይኸው ዛሬ፣ ዓይንሽ እያየ! እንደ መጽሐፍሽ ከሆነ ለግጭት ብቻ ነው መቁረጥ ያለባት። ቲቸር ከማን ጋር ተጋጨ? ከጉብታ ጋር! ነገ እማማ ሰርቪስ ኩርባው ላይ ጉድጓድ ብትረግጥ ልጆቹን ማን ያሻግራቸዋል? እስቲ መልሺልኝ!"

ልክ ነበር። በሙሉ ልቤ ልክ ነው አልኩ። እማማ ሰርቪስም መልሳ ግራ ገባት። ጨዋታው አለቀ ብዬ ሰዓቴን ተመለከትኩ፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ልጅቷ ግን ተነስታ ወደ እኔ መኪና ሄደች። የእኔን ማቋረጫ ይዛ ገለባበጠቻት፤ ሽፋኑ ሥር ጎንበስ ብላ አየች።

"ቲቸር፣ ይህን ሽፋን ከፍቶ የሠራ ሰው አለ?"

"የለም። ቆይ፣ አለ። ሬዲዮ ያስገባሁ ጊዜ ተከፍቷል። እዚሁ ነው የተሠራው፣ ከሁለት ዓመት በፊት።"

"ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይምጡልኝ። ይህን ቋጠሮ ያውቁታል?"

ሁላችንም ተጠጋን። ማቋረጫዋ በብሎን አልታሰረችም፤ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ቀጭን ማሰሪያ ተንጠልጥላለች። እዚያ ጋራዥ ውስጥ በዚህ ላስቲክ ያልታሰረ ነገር የለም። ባትሪው በላስቲክ፣ የጭስ ማውጫው በላስቲክ፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር በላስቲክ ነው። ከፍተው ሲዘጉ ብሎን ወድቆ ከጠፋ 'ማን ይፈልገዋል' ይሉና ላስቲክ ቆርጠው ድርብ ቋጠሮ ጠበቅ ያደርጋሉ። ድርብ ቋጠሮው የጋሽ ፒንሳ ነው፤ እንደ ፊርማው ሁሉም ያውቀዋል።

"ይቺ ዕቃ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ጥብቅ ካላለች" አለች ልጅቷ፣ "መኪናው ጉብታ ሲዘል እሷ በላስቲኩ ላይ ትወዛወዝና ራሷን ከብረቱ ጋር ታጋጫለች። የቆረጠችው ቲቸር ከጉብታው ጋር ስለተጋጩ አይደለም። እሷ ራሷ ስለተጋጨች ነው።"

ጋሽ ፒንሳ መሬቱ ላይ ወደ ተዘረገፉት ማቋረጫዎች ተመለሰና ተንበረከከ። አንድ አነሳ፤ የላስቲክ ቁራጭ አለበት። ሌላ አነሳ፤ አለበት። እያነሳ ለብቻ ከመረ። ሃያ ሦስት ሆኑ። የቀሩትም ብዙዎቹ ብሎን የሚገባበት ጆሯቸው ተሰብሯል፤ እነሱም ከተሰበሩ ወዲህ በትክክል ታስረው አያውቁም ማለት ነው።

"ወይኔ!" አለ ቁጭ ብሎ። "በገዛ ላስቲኬ አንጠልጥዬ፣ በገዛ አፌ ከስሼ፣ በገዛ ፒንሳዬ ስቀጣቸው ነው የኖርኩት?"

ማንም አልሳቀም። ሰው የዕድሜ ልክ ሥራውን በእጁ ይዞ ስህተቱን ሲያይ መሳቅ ነውር ነው። እሱ ግን ቶሎ ብድግ አለ። "ቢሆንም በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ብሎን አምጪ!"

የእኔን ማቋረጫ ራሱ በሁለት ብሎን ጥርቅም አድርጎ አሰራት። ከዚያ መሪውን ቀማኝና እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ወደዚያችው ጉብታ ነዳ። የመጀመሪያውን ጊዜ እኔ እንደዘለልኩት ዘለለ። ጓ! ሞተሩ እንደተነሳ ነው። ዞሮ ተመለሰና ፈጠን ብሎ ዘለለ። "ጋሽ ፒንሳ፣ ወገቤ!" አልኩ። "ዝም በል፤ ሳይንስ ነው!" አለኝ። ሦስተኛውን ጊዜ በምን ፍጥነት እንደመጣ ባልናገር ይሻላል፤ ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታ፣ መነጽሬ ኋላ ወንበር ላይ አረፈ። መኪናዋ ግን ቀጥ አላለችም።

ግቢው ስንገባ ልጅቷ አዲስ ማቋረጫ ከመለዋወጫ መደብር ገዝታ ቆማለች። ጋሽ ፒንሳ ተቀበላትና ከሚኒባሷ ፓምፕ ሽቦ ጋር አገናኛት፤ ቁልፉን አበራ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ማቋረጫዋን በመዳፉ ላይ በኃይል አጋጫት። ፓምፑ ወዲያው ዝም አለ። ቀይዋን መጫኛ ተጫናት፤ ጢጥ ጢጥ። እንደገና አጋጫት፤ ዝም። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። "ትሰማለች እኮ!" አለ ወደ እኛ ዞሮ። "ሰምታ ታቆማለች! ሰዎች፣ ይቺ እኮ ብልህ ናት!" ጎማ ቀያሪዎቹ አጨበጨቡለት። እማማ ሰርቪስ በሳቅ ፈነዳች።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሩጫ ብታዩ! ክርክር ሲያልቅ ሥራ እንዴት እንደሚፈጥን። እሱ ይበሳል፣ ልጅቷ የነቀለችውን ቱቦ መልሳ ሽቦ ትዘረጋለች፣ እኔ ብሎን አቀብላለሁ። ከሹፌሩ በር አጠገብ፣ ምንም የማይነካው ጠንካራ የአካሉ ብረት ላይ፣ በሁለት ብሎን አሰሯት። ላስቲክ የሚባል በአካባቢው አልነበረም።

"አሁን ስሚኝ" አላት ጋሽ ፒንሳ እማማ ሰርቪስን፣ የወንድሙን ልጅ እያየ፤ እንደ ጎበዝ ተማሪ ነው የሚናገረው። "አንድ ቀን ተመትተሽ ከቆመች፣ መጀመሪያ ልጆቹን አውርጂ። ቀጥሎ አሽትቺ፤ ቤንዚን ከሸተተሽ ወይም መሬቱ ከራሰ መጫኛዋን እንዳትነኪ። ምንም ካልፈሰሰ ብቻ ቀይዋን ተጫኚና ሂጂ። ልክ ነኝ፣ ልጄ?"

"ልክ ነዎት፣ ጋሼ።"

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሚኒባሷ ከግቢው ወጣች።

ከዚያ ወዲህ እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ጋራዥ መዋል ለመድኩ። ከጡረታ ያገኘሁት ደስታ ይህ ነው። አምስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ የጋሽ ፒንሳ ስልክ ጮኸ። የማዳመጫው ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር ሁላችንም ሰማን፤ እማማ ሰርቪስ ናት፣ ታለቅሳለች። "መቱኝ! ኩርባው ላይ መቱኝ!" በእኔ መኪና ሦስታችን ተፈተለክን። በመንገድ ላይ የጋሽ ፒንሳ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ፍሬን የከዳው የድንጋይ ጫኝ መኪና ነው ሚኒባሷን ከፊት ጎኗ መትቶ ከግንብ ጋር ያጣበቃት። አፍንጫዋ ተጨፍልቋል። የሹፌሩ ወንበር ተነቅሎ፣ ሥሩ ያለው ሞተር አግጥጦ ይታያል። ከመንገዱ ማዶ ልጆቹ በግንቡ ጥላ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጥርሱ ተሰብሯል፣ አንዷ አፍንጫዋን ይዛለች፣ የቀሩት ያለቅሳሉ። እማማ ሰርቪስ የተሰበረ እጇን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ በደህናው እጇ እየነካካች ትቆጥራቸዋለች። "አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት" ትልና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች።

"ሞልተዋል፣ እትዬ" አለቻት ልጅቷ እቅፍ አድርጋ። "ሁሉም አሉ።"

ጋሽ ፒንሳ ወደ ሚኒባሷ ሄደ፤ ተከተልኩት። የነዳጅ ቱቦው ከሞተሩ አጠገብ ሁለት ቦታ ተበጥሷል። ቤንዚን የነካው መሬት ግን ከአንድ የምሳ ሳህን አይበልጥም፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጠብታ ብቻ ነው። ማቋረጫዋ ቀይ መጫኛዋን ብቅ አድርጋ ቆማለች። ጋሽ ፒንሳ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ቁልፉን አየ። በርቷል። አደጋው ከደረሰ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ ቁልፉ ግን እንደበራ ነው።

እጁን አስገብቶ ራሱ አጠፋውና ወደ እማማ ሰርቪስ ተመለሰ። "እህቴ፣ ቁልፉን አላጠፋሽውም እኮ" አላት ቀስ ብሎ።

"የምን ቁልፍ?" አለችው። "ቁልፍ ማን ትዝ ይለዋል? ልጆቼን እያወጣሁ ነበር።"

ጋሽ ፒንሳ መንገዱ ዳር ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። የደስታ ልቅሶ ነበር፤ ልጆቹ ግን ስላልገባቸው የራሳቸውን ልቅሶ ትተው እሱን ያዩ ጀመር። የተሰበረ ጥርስ ያለው ልጅ ተነስቶ ብስኩቱን ሰጠው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ጥቅሙን እኔ ብዘረዝር የመምህርነት አመሌ ነውና ታገሡኝ። አንዲት የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ፣ ሁለት ብሎን፣ የአንድ ሰዓት ሥራ፤ በእነዚህ ምክንያት አሥራ ስምንት ልጆች በዚያ ማታ እራታቸውን በየቤታቸው በሉ። በግጭት ጊዜ የሰው እጅ የሚሮጠው ወደሚወደው ሰው ነው፣ ወደ ቁልፍ አይደለም፤ እንዲያ መሆኑም ደግ ነው። ቁልፉን የሚያስብልን ዕቃ ስላለ እኛ ሰውን ማሰብ እንችላለን። መኪና ያላችሁ፣ ማቋረጫዋ የት እንዳለች ዛሬ እዩ፤ በብሎን መታሰሯን አረጋግጡ፤ ቆርጦ ያወጣባችሁ ባለሙያ ካለ አስመልሱት። ማቋረጫ የሌለው አሮጌ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የምታስገጥሙም ያለ እሷ ከጋራዥ አትውጡ።

ከአደጋው በማግሥቱ ጠዋት ጋራዡ ስደርስ ጋሽ ፒንሳ በርሜሉ ላይ ተቀምጦ ስልክ ይደውላል። ፒንሳዋ አጠገቡ መሬት ላይ ናት፤ በሁለቱም እጆቹ ስልኩን ይዟል። የወንድሙ ልጅ ከሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ የደንበኞቹን ቁጥር ትፈልግለታለች። ባለ ታክሲውን፣ ነጋዴውን፣ ባለ ዳቦ መኪናውን፣ ማቋረጫቸውን ያወጣባቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ይጠራል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አዳመጥኩት።

"አዎ፣ እኔ ነኝ፤ መኪናህን ይዘህ ና" ይላል። "ኧረ መኪናህ ምንም አልሆነችም፣ ደህና ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሳትውል ሳታድር ዛሬውኑ ና።"